ተተኪ ሲጠበቅ

አሰብ የደረሰችኝ በዕጣ ነው። በደርግ ጊዜ የንግድ ሥራ ተማሪ ሳለሁ፣ ለክረምቱ የሥራ ልምምድ ማን የት እንደሚሄድ የሚለየው ከመምህራችን ባርኔጣ ውስጥ በሚወጣ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ጓደኞቼ ናዝሬትና አዋሳ ደርሷቸው ሲቦርቁ እኔ የእጄን ገልጬ ሳነብ አንዷ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሌሎቹም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተራ በተራ «አይዞሽ» አሉኝ። እናቴ ብቻ ባሕር ያለበት አገር ምን ይከፋል አለች። ባሕር አይታ አታውቅም።

ደሴ አድረን፣ ቁልቁል ወርደን፣ በረሃውን አቋርጠን አሰብ ስንገባ ገና ከአውቶቡሱ በር ላይ ሙቅ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ የተጣለብኝ መሰለኝ። ወደኋላ ልመለስ እንዴ ብዬ ሳስብ ሁለት ሰዎች ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱ። አንደኛው ከረባት ያሰሩ፣ ላባቸው በአገጫቸው የሚንጠባጠብ ሽማግሌ፣ የሂሳብ ቢሮው ኃላፊ ናቸው። ሁለተኛው ነጭ ቆብ የደፋ የከተማው ተወላጅ፣ የቢሮው መዝገብ ያዥ ነው፤ «ማርሐባ፣ ማርሐባ» እያለ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። ለአንዲት ተማሪ ኃላፊው ራሳቸው መምጣታቸው ገረመኝ። አሰብ ተማሪ የምታከብር ከተማ ናት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቢሮው ከወደቡ ብዙ አይርቅም። የማኅበራትና የአነስተኛ ድርጅቶችን ሂሳብ የሚይዝ፣ ሁለት ክፍልና አንድ የወረቀት ማከማቻ ያለው ቤት ነበር። በር ላይ የተቀበለችኝ የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ዓይኗ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ሴት። ወስዳ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ ከቬንትሌተሩ ትይዩ ነው፤ ከቬንትሌተሩ ፊት ደግሞ ከበረዶ ቤት የመጣ በረዶ በሳፋ ተቀምጧል። ቀዝቃዛ ውሃ ቀረበልኝ፤ ምሳ ዓሣ ተጠብሶ መጣ። መዝገብ ያዡ አጠገቤ ቆሞ፣ ዛሬ ነፋሱ ስለቆመ እንጂ አገሩ እንዲህ እንደማይሞቅ፣ ነገ ኢንሻአላህ እንደሚሻል ነገረኝ። በማግስቱም ይህንኑ ነገረኝ። ከዚያ በኋላም እንደዚሁ።

ሥራው ደስ ይል ነበር። የበጀት ዓመቱ ሂሳብ ገና ተዘግቶ አላለቀም፤ ሴትዮዋ ቁጥር ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ እኔ መዝገቡ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ላቤ ቀለሙን እንዳያበላሽ ከክንዴ ሥር ፎጣ ማንጠፍ፣ ወረቀቱ እንዳይበር የባሕር ዛጎል መጫን አስተማረችኝ። ስሳሳት አትቆጣም፤ ሳላጠፋ ግን ፊቷ ይበራል፣ ኃላፊውንም ቀና ብላ ታያቸዋለች። እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጎበዝ መሆኔን እያደነቁ መስሎኝ ኩራት ኩራት አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በሳምንቱ የትምህርት ቤቴን ደብዳቤ ከሻንጣዬ አውጥቼ ለኃላፊው ሰጠሁና፣ መስከረም ስመለስ ስለ ልምምዴ የምስክርነት ቃል የሚጽፉልኝ እሳቸው እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። ደብዳቤውን ቆመው ጀመሩት፣ ተቀምጠው ጨረሱት። ከዚያ ከረባታቸውን ፈቱ።

«ተማሪ ነሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ ቢሮ ተተኪ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥና ሳይረከብ ማንም ሠራተኛ አይለቀቅም። የእሷ ዝውውር ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ባለቤቷ ደሴ አስተማሪ ነው፣ እዚያም የሥራ ቦታ ይጠብቃታል። ተተኪው ግን አልመጣም። የተመደቡት ሁሉ የአሰብን ስም ሲሰሙ ታመሙ፣ እናታቸው ታመመች፣ ሰርግ ደረሰባቸው። አንዱ ብቻ ከአውቶቡስ ወርዶ እቢሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ እሱም ሻንጣውን ሳይፈታ በዚያው አውቶቡስ ተመለሰ። ከዋናው መሥሪያ ቤት «በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ይደርሳችኋል» የሚል ቴሌግራም ሲመጣ እንግዲህ ሁሉም ተማክረው አገሩን ሊያሳምሩልኝ ተነሱ። ወረቀት እንኳ ያልጠየቁኝ እንዳልደነብር ብለው ነው።

ይህን እየነገሩኝ ሳለ ከወረቀት ማከማቻው የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ በሙታንታ ብቻ ወጣች። ጀርባዋ ከአንገቷ እስከ ወገቧ በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል፣ አንዳንዱ ቦታ ቆስሏል። ሐኪሙ ወደ ደጋ ካልወጣች ቁስሉ እንደማይድን፣ የሚይዛት ትኩሳትም አንድ ቀን ክፉ እንደሚሆን ለእናቷ ነግሯታል። ያ ሻንጣውን ሳይፈታ የተመለሰው ሰው ይህን ጀርባ አይቶ «ሙቀቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ አዎ ሲባል ነበር የወጣው። ሳምንቱን ጎረቤት አውለው፣ ጎረቤት ሲታጣ ማከማቻው ውስጥ አስተኝተው ከእኔ የደበቋት ለዚህ ነው።

ልጅቷ እኔን ስታይ አልፈራችም። ዞረችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። «እፍ» አለች።

ልማዷ ነው። የሚያሳክካት ጊዜ አጠገቧ ላለ ሰው ሁሉ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ኃላፊውም መዝገብ ያዡም ሥራቸውን አቁመው እፍ ይሉላታል። እኔም አጎንብሼ እፍ አልኩላት። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ በረዶው ቀረ፤ ኃላፊው እንደ አገሩ ሰው ሽርጥ አገልድመው ሥራ ገቡ። እናትየው ግን አልተለወጠችብኝም። የት ትበያለሽ ብላ ካረፍኩበት አልጋ ቤት አውጥታ ቤቷ ወሰደችኝ። እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ ልጅቷን መሐላችን በእርጥብ አንሶላ ላይ አስተኝተን፣ በካርቶን እያራገብን እናወራለን። አንድ ጊዜ ትምህርቴን አንድ ዓመት ላቋርጥና ወንበሩ ላይ ልቀመጥልሽ አልኳት። ከልቤ ነበር። ማራገቡን አቆመችና፣

«ያንቺን ዓመት በልቼ ልጄን አላሳድግም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳነሳው አልፈቀደችም።

ኃላፊውን መጀመሪያ ጠምጄ ይዣቸው ነበር። በኋላ ሳያቸው እሳቸውም ተተኪ አጥተው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ወንበሩን ባዶ አድርገው ቢለቋት ሥራ በማሰናከል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ሳትለቀቅ ብትሄድ ሌላ ቦታ አትቀጠርም። በዚያ ዘመን መጠየቅ ቀልድ አልነበረም። በየሳምንቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጽፋሉ፤ ጽፈውም ልጅቷን እፍ ይላሉ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቴሌግራም መጣ። ይኸኛው «ተተኪ» ይላል። አሁን እኔም የሤራው አባል ሆንኩ፤ ተታልዬ ስለማውቅ ምክር ሰጪውም እኔው ነበርኩ። በረዶው እንዲመለስ፣ ዓሣው ግን እንዲቀነስ፣ «ነገ ይሻላል» የሚለው ወሬ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደገም አሳሰብኩ። መዝገብ ያዡ ትንሽ ቅር ቢለውም ተቀበለ። ልጅቷን ከማከማቻው ውስጥ አሻንጉሊት አስይዘን በር ዘጋንባት።

ሰውየው ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው። ያውም የሱፍ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ። ከዚያ ብርድ ወጥቶ እዚህ ሊቀመጥ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤ ውሃ ጠጣ፤ አንገቱን ጠረገ። ኃላፊው ስለ ባሕሩና ስለ በረሃ አበሉ ያወሩለታል፣ እሱ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ዓይነት ፈገግታ ያሳያቸዋል።

ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። የእንግዳው ሸሚዝ ሲርስ፣ በሳፋው ያለው በረዶ ውሃ ሲሆን እናያለን። ሰውየው እጁን ወደ ካፖርቱ ሰደደ።

የማከማቻው በር ተከፈተ። ሙቀቱ አላስችል ብሏት ነው፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ እንደሚከፈት ያሰበ አልነበረም። ልጅቷ በሙታንታዋ ወጥታ በቀጥታ ወደ እናቷ ወንበር ሄደች። የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ቀና ብላ አየችው፤ ዞረችና ጀርባዋን ሰጠችው።

«እፍ» አለችው።

እናቷ ልታነሳት ሮጠች፣ ግን መሐል ላይ ቆመች። ሰውየው ያንን ጀርባ ያያል።

«ሙቀቱ ነው?» አለ።

ኃላፊው ነፋሱን ሊያማርሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ቀደመቻቸው።

«አዎ፣ ሙቀቱ ነው» አለች። «ነገም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው።»

ምን ሆነች ብዬ ልቆጣት ደረስኩ። ክረምቱን ሙሉ የለፋንበትን በአንድ ቃል ናደችው። ሰውየው ካፖርቱን አነሳ። አጣጠፈና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አጎነበሰና ከአንገቷ ጀምሮ ወደታች፣ ቀስ ብሎ፣ እፍ አለላት። ልጅቷ እንደልማዷ ትከሻዋን ሰብቃ ቆመችለት። ቀና ሲል ኃላፊውን አያቸው።

«ርክክቡ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ቀናት እንደሚወስድ፣ ሰነዱ ብዙ እንደሆነ ነገሩት።

«ዛሬ እንጀምር፤ ነገ እንድትሳፈር» አለ።

መዝገብ ያዡ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። እናትየው አላለቀሰችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። በአንድ ቀን አላለቀም፣ ግን ምሳ እንኳ ሳንወጣ ሁላችንም ስላነበብንና ስለፈረምን ሰንበት ሳይመጣ ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ በቀሩኝ ቀናት ለአዲሱ ሰው ቁጥር የማነብለት እኔ ሆንኩ። ከክንድ ሥር ፎጣ ማንጠፉንም ነገርኩት።

መስከረም ስመለስ አውቶቡሱ ደሴ አደረ። አስተማሪውን ጠያይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። ዝናብ ነበር፤ እናትየው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ልጅቷ ሹራብ ለብሳ ከኋላዋ ብቅ አለች። ረስታኛለች ብዬ ነበር። ትንሽ አየችኝና ዞረች፤ ሹራቧንም በሁለት እጇ ወደላይ ሰበሰበች። ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። ቢሆንም አጎንብሼ እፍ አልኩላት።