ሸጋው ባመለጠ ቁጥር የሚታረደው ማን ነው?

ሰኞ ጠዋት፣ ከፋሲካ ዕረፍት መልስ፣ ክፍል ገብቼ ገና «እንደምን አደራችሁ» ከማለቴ ተከሰስኩ... ከሳሾቼ የራሴ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።

ከቡሬ ወጣ ያለች ገጠር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ማንበብ የሚያስጠላቸውን ልጆች ለማባበል ብዬ በየበዓሉ አስቂኝ የሥዕል ታሪክ እየሠራሁ የክፍሉ በር ላይ እለጥፋለሁ። ጀግናው ሸጋው የሚባል አውራ ዶሮ ነው። በዓል ሲደርስ አባወራው ቢላዋ ይዞ ይነሣል፣ ሸጋው ደግሞ አንድ ዘዴ ፈጥሮ ያመልጣል። ለመስቀል አመድ ላይ ተንከባሎ በሽተኛ መሰለ። ለገና ሞሰብ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ለፋሲካማ ጋቢ ተከናንቦ እንደ እንግዳ መደብ ላይ ጉብ አለ፣ እንዲያውም ጠላ ቀዱለት!

የመጨረሻው ሥዕል ሁሌም አንድ ነው። ቤተሰቡ ዶሮ ወጥ ከቦ ይበላል፣ ሸጋው ጣሪያ ላይ ሆኖ ይጮኻል። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም ከነሱ ብሼ እስቃለሁ... የራሴ ቀልድ ያስቀኛል፣ ምን ላድርግ።

ታዲያ ሰኞ ዕለት ይታይሽ እጇን አወጣች። (ስሟን ቀይሬዋለሁ።) ዘንድሮ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጣች ልጅ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አትናገርም፣ አትጫወትም። ሳቋን የሰማሁት ሸጋው አመድ ላይ ሲንከባለል ያየች ቀን ነው። ያን ቀን በደስታ ብቻዬን እያንጎራጎርኩ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

«ቲቸር፣ ሸጋው አምልጧል አይዶለም?»

«አዎ፣ አምልጧል።»

«እንግዲያ ይሄ ወጥ ከምን ተሠራ?»

እውነቱን ልንገራችሁ? አስቤው አላውቅም። ጎጃም ተወልጄ በዓልን ያለ ዶሮ ወጥ መሣል እጄ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ይታይሽ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። የሁሉም በዓል ሥዕል እዚያው ተደርድሯል። «ነጯ ዶሮ ከመስቀል በኋላ የለችም። ገብስማዋ ከገና በኋላ የለችም። ቀይዋንም አሁን አጣኋት» አለች እየጠቆመች። «እዚህ ጋ ደሞ ሸጋው ክንፉን ዘርግቶ ለአባወራው ቆጡን ያሳየዋል።»

ሄጄ አየሁ። ዶሮዎቹን የቀነስኳቸው ያን ሁሉ ላባ መሣል ሰልችቶኝ ነው። ክንፉንም የዘረጋሁት ያምራል ብዬ ነው። ግን ልጅቷ እንዳለችው ነው... ሸጋዬ ጓደኞቹን እየጠቆመ ሲያሳርድ ከርሟል፣ እኔም ስስቅ ከርሜያለሁ።

«ይታረድ!» አለ አንዱ ከኋላ። ግማሹ ክፍል «ይታረድ!»፣ ግማሹ «አይታረድም!» እያለ ቀወጠው። ይታይሽ ግን ከሁለቱም አልሆነችም። ቦታዋ ተመልሳ አንገቷን ደፋች። ያን በመከራ ያገኘሁትን ሳቅ በገዛ እጄ አጠፋሁት ብዬ ደነገጥኩ።

ዕረፍት ላይ ለብቻዋ ጠራኋት።

«አጎቴ ሰው ገድሎ ጠፋ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱ ሲያመልጥ ደመኞቹ አባቴን ፈለጉት። አባቴ የነካው ሰው የለም እኮ ቲቸር። ገበያ አይወጣ፣ እርሻ አይወጣ... ለዛ ነው አገራችንን ጥለን የመጣን።»

«አሁንስ?»

«ከጾሙ በፊት ሽማግሌዎች አስታረቁ። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከሟች ወገን ፊት ወደቀ። ማሩት። አሁን አባቴ ገበያ ይሄዳል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስትናገር ፊቷ ፈካ አለ። የኔ ግን ዓይኔ ሞላ። አንድ ሰው ባመለጠ ጊዜ ሌላው እንደሚከፍል እኔ በቀልድ ስሥለው፣ እሷ ኖራበታለች።

ልጆቹ ሲለቀቁ ክፍሉ ውስጥ ቀርቼ አዲስ ሥዕል ሠራሁ። ሸጋው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እናቶቻቸው ከታረዱባቸው ጫጩቶች ፊት ተንበርክኮ «ማሩኝ» ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ለጠፍኩትና ይታይሽን በጎን አያት ጀመር። ብዙ ቆማ አየችው።

«ድንጋዩ አነሰ» አለች።

እርሳስ አንሥቼ አተለቅኩት። ከሸጋው ከጭራው በቀር የሚታይ አልቀረም። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም።

«አሁንም አንድ ሰው ቀረ።»

«ማን?»

«እርስዎ። የሣሉት እርስዎ አይዶሉ?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እንግዲህ ምን ይባላል? በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግኩና ሰሌዳው ሥር ተንበረከክሁ። ነጭ ጋወኔ አፈር በአፈር ሆነ። «በድያለሁ፣ ማሩኝ» አልኩ። ይሄኔ ርዕሰ መምህሩ በበሩ አለፉ... ተመልሰው አዩኝ... መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንድም ልጅ አልሳቀም። እዚህ አገር ድንጋይ በተሸከመ ሰው አይሳቅም። ይታይሽ ጠጋ ብላ በትናንሽ እጆቿ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደችልኝ።

«ምሬዎታለሁ» አለች ኮስተር ብላ። «ለሚመጣው በዓል ግን ሽሮ ይሣሉ።»

ከዚያ የገዛ ፍርዷ አሳቃት። በመጀመሪያ ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም፣ ሆዷን ይዛ ወንበሯ ላይ ተደፋች። ክፍሉም ተከተላት።

በዓልን በሽሮ የምትሥል የመጀመሪያዋ ጎጃሜ ልሆን ነው... ይሁን፣ ይታይሽ ትሳቅልኝ እንጂ!