የወርቅዬ የኮንሰርት ልብስ

ወርቅዬ መካኒሳ ካለ አንድ ዳቦ ቤት ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። እሷ መቆሙን ለምዳዋለች፤ እግሯ ግን አልለመደውም። የባቷ ደም ሥር ተቋጥሮ ወጥቶ ሐኪም እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ አዘዘላት። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷ ረጅም፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ።

ባሏ ቦጋለ ሲታመም ደግሞ ከሰው ተለየች። እሱን ስታስታምም፣ በኋላም ስታዝን፣ ጎፋ ካለው ኮንዶሚኒየሟ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወጣችም። አራቱን አብሮ አደጎቿንም በስልክ ካልሆነ አታገኛቸውም። እነዚህ ሴቶች አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ልጅ ሲዳርም ሆነ ሲመረቅ አንድ ጨርቅ ገዝተው አንድ ዓይነት አሰፍተው የሚታደሙ ናቸው። ሰው ገና ከሩቅ በልብሳቸው ለይቶ «እነ እድላዊት መጡ» ይላል። ወርቅዬም ድሮ «እነ እድላዊት» ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ቦጋለ ከታመመ ወዲህ የተሰፋው ሁሉ አለፋት።

ስለዚህ እድላዊት በቴሌግራም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላፍቶ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ትልቅ ኮንሰርት አለ፣ አምስታችንም እንሄዳለን ብላ ስትጽፍ፣ ወርቅዬ ደንበኛ እያስጠበቀች መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ዘፋኙ ማንም ቢሆን ግድ አልነበራትም። የናፈቃት ከነሱ መሀል መቆም ነው። ልብሱስ ምን ተባለ ብላ ጠየቀች። እድላዊት ለዚህ እንኳን አይሰፋም፣ ሜዳ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሁሉም የተመቸውን ይልበስ ብላ መለሰችላት። ወርቅዬ ደስ አላት። የተመቸውን መልበስ ከተባለማ ከሷ የሚቀድም የለም።

እንደ ሠርግ ተዘጋጀችበት። ልጇ ኢያቄም ትቶት የሄደውን ሸራ ጫማ አወጣችና እንዳይልጣት ቤት ውስጥ እያደረገች አለማመደችው። ከካልሲዋ ላይ ሰፋ ያለ ጥቁር ሱሪ፣ ከላይ የጥጥ ቲሸርት፣ ቲሸርቱ ላይ ስስ ሹራብ፣ ለዝናቡ ደግሞ ኮፍያ ያለው ጃኬት ደራረበች፤ ሲሞቅ ጃኬቱን ወገቧ ላይ ልታስረው። ነጠላ ሰው ይረግጠዋል ብላ ተወችው። የጆሮ ጌጧን አውልቃ አስቀመጠች። እጇ ነፃ እንዲሆን ደረት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ አዘጋጀች፤ ውስጡ ሶፍት፣ ስልኳና የታጠፈ ላስቲክ አለ።

ያወቀችውንም ለራሷ ብቻ አላስቀረችም። ለአራቱም በድምፅ ላከችላቸው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ዝናብ ከነካው ጫማ ይውጣል፣ ተረከዝ ያለው አታድርጉ፣ ሲመሽ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ አለቻቸው። ድምፅዋን መልሳ ስትሰማው አፈረች፤ እንደ አስተማሪ ሆኛለሁ ብላ ልታጠፋው ስትል እነሱ ቀደሟት። አንዷ ልብ ላከች፣ አንዷ የሚጨበጨብ እጅ። እድላዊት «እናታችን እኮ ነሽ፣ እሺ እንሰማሻለን» ብላ ጻፈች። ወርቅዬ ይቺን ቃል ብዙ ጊዜ አየቻት።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ከታክሲ ወርዳ በእግሯ ሄደች። አንድ ጎረምሳ አይቷት «ማዘር፣ ተራራ ልትወጪ ነው እንዴ?» አላት። ሳቀች። ደረቷ ላይ ያለው ቦርሳ፣ ወገቧ ላይ ያለው ጃኬት፣ እውነትም ለተራራ ነበር የሚመስለው።

በሩ ጋ ስትደርስ ከሩቅ ለየቻቸው፤ የለየቻቸውም በልብሳቸው ነው። አራቱም ቢጫ ለብሰዋል። ከጉልበት በላይ የሚቀር፣ እጅጌው ላይ ሽንሽን ያለው አንድ ዓይነት ቢጫ ቀሚስ፣ ከሥሩ ባለ ተረከዝ ነጭ ጫማ። አቅፈው ሳሟት። አማረብሽ አሏት፣ ከሳሽ አሏት፣ ጠፋሽብን አሏት። ስለ ቀሚሱ ማንም አላነሳም። እሷም አላነሳችም።

ገብተው ቦታ እንደያዙ እድላዊት ስልኳን ሰጠቻትና አንድ ፎቶ እንድታነሳቸው ለመነቻት። ወርቅዬ አነሳቻቸው። በቁም፣ በጎን፣ ከኋላ ዞረው፣ እግራቸውን አነባብረው። በዚህ መሀል አንዲት የማታውቃት ልጅ አልፋ ስትሄድ «ባለ ቢጫዎች፣ ፎቶ አንሺ ቀጥራችሁ ነው የመጣችሁት?» አለች። እድላዊት ሳቀች። ሌሎቹም እሷ ስለሳቀች ሳቁ። ከአራቱ ያልሳቀችው ገላኔ ብቻ ናት።

ገላኔ የላፍቶ ልጅ ናት፤ ይህ ሜዳ ሜዳ ከመሆኑ በፊት አባቷ ጓያ ይዘሩበት ነበር። ነገር አፏ ውስጥ አይቆይም። ሌሎቹ መጠጥ ሊገዙ ሲሄዱ ወርቅዬ ወደሷ ዞረች።

«መቼ አሰፋችሁት?»

«ነሐሴ መግቢያ ላይ።»

«እንግዲያው ያን ሁሉ ምክር ስልክላችሁ ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል።»

ገላኔ ቀና ብላ አላየቻትም። «አጭር ነው ወርቅዬ። እድላዊት አጭር ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ያንቺን እግር አሰብን። ብንነግርሽ ትሸማቀቂያለሽ፣ እምቢ ማለትም ይከብድሻል ብለን ነው። ክፋት አይደለም።»

«ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ብትጠይቁኝ ረጅም አሰፋ ነበር።»

«ረጅም ከሆነማ አንድ ዓይነት አይሆንም» አለች ገላኔ። ይህንንም ያለችው በክፋት አልነበረም።

ወርቅዬ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ቢሸሹኝ፣ ቢያሙኝ እጣላቸው ነበር፤ ያዘነልሽን ሰው ምን ብለሽ ትጣያለሽ? ልትናደድ ሞከረች፣ ንዴቱ ግን አልመጣላት አለ። የመጣባት እፍረት ነው። ቦጋለን ስታስታምም በሆስፒታል ወንበር ላይ ሆና ያለፏትን ልብሶች አሰበቻቸው። ያኔም አዝነውላት ነው ያልነገሯት።

ሙዚቃው ተጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ካፊያ ጣለና መሬቱ ላላ። የእድላዊት ተረከዝ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ልትነቅለው ስትል ወደቀች፣ ሊያነሷት የሞከሩትም አብረው ወደቁ። እየሳቁ ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ይጨፍሩ ጀመር። ወርቅዬ ላስቲኩን ዘርግታ ኑ ተጠለሉ አለቻቸው። ከእንግዲህ ምን ቀረን ብለው መልሰው ወደ ጭፈራው። ፀጉራቸው ፊታቸው ላይ ተለጥፏል፣ ቢጫው ቀሚስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ እንዲህም ሆነው አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው። እሷ በኮፍያዋ ሥር ደረቅ ናት። አንድ ጠብታ እንኳ አልገባባትም።

ዋናው ዘፋኝ ሳይወጣ፣ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሰው እየገፋች ወደ በሩ ሄደች። ጥበቃው ከወጡ መመለስ የለም አላት። አውቃለሁ ብላ ወጣች።

ታክሲ አልነበረም። ወደ ጎፋ በእግሯ መንገድ ጀመረች። ከኋላዋ ሜዳው ሁሉ ባንድ ድምፅ ሲጮህ ሰማች፤ ዘፋኙ ወጥቶ መሆን አለበት። እግሯን ልብ ብላ አዳመጠችው። ምንም አላመማትም። ጫማው አልላጣትም፣ ባቷ አልከበዳትም፣ እስከ ንጋት መቆም ትችል ነበር።

ስልኳ ጠራ። እድላዊት ናት፤ ከሙዚቃው በላይ እየጮኸች የት ጠፋሽ ትላለች። ወርቅዬ የምትለውን ስታጠና ነበር የመጣችው። ነሐሴ ላይ ለምን አልነገርሽኝም ልትላት ነበር። ሁለተኛ አትጥሩኝ ልትላት ነበር።

«እግሬን አመመኝ፣ እድሌ» አለቻት።

«እኛም እኮ የፈራነው እሱን ነው፣ የኔ እናት» አለች እድላዊት። «በይ ሂጂ፣ አረፍ በይ። ፎቶውን ማታ እልክልሻለሁ።»

ወርቅዬ እሺ አለች። አመሰገነቻትም።