እትዬ ፋጡማ የፈረሙበት ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማህሌት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ጋዜጠኛ ናት። ለወትሮው የምትደውለው የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንዳደረገኝ ለመጠየቅና ጉንፋን ይዞኛል ስላት ለመቆጣት ነው። የዚያን ቀን ግን የምትቆጣው በሌላ ነበር። አንዲት ሴት ከአንድ ባለሥልጣን የደረሰባትን በደል አንድም ሳታስቀር ነግራት፣ መጨረሻ ላይ "ስሜን ግን እንዳትጽፊው" ብላታለች።

"ስሟ ከሌለበት ማን ያምነኛል? እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ አክስቴ፤ እውነት የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል?" አለችኝ።

መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ምሳ አቅርቤ ነበር፤ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ማህሌት የተናገረችው ቃል የእኔው ቃል ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አልዩ አምባ ላይ፣ እንዲሁ አምርሬ ተናግሬዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በጭነት መኪና፣ የእህል ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነበር። አንኮበር ላይ ጭጋጉ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው እንኳ ይሰውርብኝ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅኩ። አልዩ አምባ ስደርስ የተቀበለኝ ሙቀቱና የእሸት ማሽላ ጥብስ ሽታ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ያደግኩት በገብስና በውርጭ አገር ነውና እንዲያ ያለ እሸት ቀምሼ አላውቅም።

ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚበልጡት እትዬ ፋጡማ ነበሩ። በርበሬና ጨው ነጋዴ፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ ቀጭን ሴት። ባለቤታቸው ጋሽ ይመር በቅሎ ጭነው አንኮበር ይመላለሳሉ። እትዬ ፋጡማ ፊደል ለመቁጠር የመጡት በአንድ ምክንያት ነው፤ ቀበሌ በሄዱ ቁጥር አውራ ጣታቸውን ይዘው ቀለም የሚነክሩት ነገር አንገብግቧቸዋል። "ልጄ፣ እንደ ከብት ምልክት ነው የሚያደርጉብኝ" ይሉኝ ነበር። ስማቸውን ያለ እኔ እርዳታ የጻፉ ቀን "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ጣታቸውን ሳሙ። በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ማሽላ ጠብሰው አመጡ።

ጥር ላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። አዋጁ የሚለው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ቀበሌው ላይ የተጣለው ቁጥር ግን አዋጅ አያውቅም። ወጣቱ ወደ ቆላው ሸሸ። ቁጥሩ አልሞላ ሲል ዓርብ ዕለት ገበያውን ከበቡና ጋሽ ይመርን ከነበቅሏቸው ያዟቸው። ጋሽ ይመር ሃምሳን አልፈዋል፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሥሩ ግን ነጭ ነው። የምልመላው ኃላፊ አንድ መቶ አለቃ ነበር። ፀጉር አስተካካይ አስጠርቶ ገበያው መሃል ጢማቸውን አስላጨና "ይኸው፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ!" አለ። አጃቢዎቹ ሳቁ። ይህን ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እየነዱ ዳገቱን ይዘዋቸው ወጡ። በቅሎዋ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ደብዳቤ እንጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ የማነበው ጋዜጣ የአንባቢያን አቤቱታ የሚያወጣበት ዓምድ ነበረው፤ ስለተበላሸ ቧንቧ፣ ስለማይመጣ አውቶቡስ። ላይ ያሉት የማያውቁት ሆኖ እንጂ ጋዜጣ ላይ ቢያዩት መቶ አለቃውን ልክ ያስገቡታል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን አይቆይም።

እትዬ ፋጡማ በሦስት ቀን ጻፉት። አንድ ፊደል አላረምኩም። "ባሌ ይመር ሽማግሌ ነው። ጢሙን ላጭተው ልጅ ነው አሉ። ጢሙ ይበቅላል፣ ያን ጊዜ እዩት። መልሱልኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው።

"ስሜን ልተወው ይሆን?" አሉኝ ብዕሩን እንደያዙ።

"ስም የሌለውን ጋዜጣው አያወጣም። ደግሞ እውነት ይዘው ምን ያስፈራዎታል፣ እትዬ?"

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። "እንዳልሽ፣ ልጄ። አስተማሪዬ አይደለሽ እንዴ" ብለው ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው፣ ከሌላው ሁሉ አጉልተው ጻፉ።

ደብዳቤውን ከላክነው በኋላ በየሳምንቱ በሶዬን ቋጥሬ ያን ዳገት ወጣሁ፤ ጋዜጣ የሚደርሰው አንኮበር ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ምርት፣ ስለ ስብሰባ፣ በፈቃዳቸው ስለዘመቱ ወጣቶች አነበብኩ። ስለ ጋሽ ይመር አንድ መስመር የለም። ስወርድ እትዬ ፋጡማ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ፊቴን ያዩና ምንም ሳይጠይቁኝ አብረውኝ ይመለሳሉ።

በሰባተኛው ሳምንት ሁለታችንም ቀበሌ ተጠራን። መቶ አለቃው ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያች ደብዳቤ ተዘርግታለች። አናቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ "ለሚመለከተው ክፍል ይመራ" ተብሎ ተጽፎባታል። የሚመለከተው ክፍል መቶ አለቃው ራሱ ነበር።

ያን ቀይ ጽሑፍ የጻፈውን የጋዜጣ ሰው እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ፈርቶ ይሆናል፤ ወይም ሥራውን በደንቡ የሠራ መስሎት ይሆናል። ማተሙ ቢቀር፣ ቅርጫት ውስጥ መጣል እንዴት አቃተው? ያ እንኳ ለእኛ ትልቅ ውለታ በሆነ ነበር።

"ይቺ ሴት ትናንት በጣቷ ነበር የምትፈርመው። ማን አጻፋት?" አለ መቶ አለቃው። የሚያየው እኔን ነው።

እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ተወስዶ ያልተመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ። "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

"ማንም አላጻፈኝም" አሉ እትዬ ፋጡማ። "ወላሂ! እጁም የኔ ነው፣ ባሉም የኔ ነው።" ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ሁለት ወር ታሰሩ። ምግብ አመላልስላቸው ነበር። "አንቺስ በልተሻል?" ይሉኛል እንጂ ስለ ደብዳቤው አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ባልኩ ቁጥር ጠባቂው አጠገባችን ቆሟል፤ ለእኔም ጥሩ ሰበብ ሆነኝ።

ሰኔ ላይ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። እትዬ ፋጡማ ከተፈቱ ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ስማቸው ሲጠራ መጡ። መዝገቡን ከፍቼ ብዕሩን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

"ቀለሙ የታለ?" አሉኝ።

አውራ ጣታቸውን ነከሩና፣ ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን ለሚመሰክረው ወረቀት በጣታቸው ፈረሙ። ጣታቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ እጄን ነክሼ አለቀስኩ። ጋሽ ይመር አልተመለሱም። በቅሎዋን እትዬ ፋጡማ ክረምቱ ሳይገባ ሸጧት።

ለማህሌት በማግስቱ ጠዋት ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አክስቴ?"

"ጻፊው። በሚገባ አጣሪና ጻፊው። የሷን ስም ግን ተዪው። የሚጠይቁት ሰው ካስፈለጋቸው የጸሐፊዋ ስም ከላይ አለ በያቸው።"

ለሌላ ሰው ሲሰጡት ቀላል ምክር ነው። እዚህም ላይ የጻፍኩት የእትዬን እውነተኛ ስም አይደለም፤ እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ እኔ ግን ዳግመኛ ስማቸውን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። መቶ አለቃው ይኑር ይሙት አላውቅም። ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሯል። ማን አጻፋት? እኔ ነኝ ያጻፍኳቸው።