ለተማርያም የጻፈችው አንበጣ

ለተማርያም ሐረር ተወልዳ ያደገች የሙዚቃ መምህርት ናት። አዲስ አበባ ቫዮሊን ተምራ ከተመለሰች ሃያ ዓመት አልፏታል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከሐረር በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር ወተት የሚሸጡላት ገበሬዋ አዴ ሳፊያ የማሽላ እሸት ሊያበሏት ወደ መንደራቸው ድሬ ጠያራ ወሰዷት። ቀትር ላይ በምሥራቅ በኩል ቡናማ ደመና ተነሣ።

«ዝናብ መጣ» አለች ለተማርያም።

ሴትየዋ ፊታቸው ተለወጠ። «ዝናብ አይደለም። ቤት ግቢ!» ብለው ገፈተሯትና ወደ ማሳው ሮጡ።

ጨለማው ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚወርድ መሰላት። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ማሳው ሁሉ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ጀመር። አንበጦቹ እየበሉ ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ተቀመጠች። ስትወጣ ከማሽላው የቀረው አገዳ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘይት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ እንኳ ትበረግጋለች። ፍርሃቷን የምታዋየው ሰው አጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ በኖታ ጻፈችው፤ ለሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ለሚተልቁት ለቪዮላና ለቼሎ። አንደኛውን ቫዮሊን እሷ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች ተማሪዎቿ ይዘው፣ በደጋኑ ጭራ ሳይሆን በእንጨቱ አውታሩን እየነካኩ ያንን መንኮሻኮሽ ያወጡታል። በልምምዱ ላይ ቪዮላ የሚጫወተው አንዋር ደጋኑን አስቀመጠና «ቲቸር፣ ሰውነቴን ወረረኝ» አላት።

እሷን ግን ሌላ ነገር ያስፈራት ነበር። የሰውን መከራ ለጭብጨባ ላቀርብ ነው? እንዲያም ሆኖ አዴ ሳፊያን ወደ ዝግጅቱ ጠራቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ስልሳ ያህል ሰው ተቀመጠ። ሙዚቃው መሀል ሲደርስ አዴ ሳፊያ ብድግ ብለው ወጡ። ለተማርያም አንድ መስመር ዘለለች። እንደምንም ጨርሳ ቫዮሊኑን እንደያዘች ወደ ውጭ ሮጠች። ሴትየዋ ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«አዴ ሳፊያ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«ወላሂ፣ መጡ ብዬ ነው። ሰማዩን ልይ ብዬ ነው የወጣሁት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ግን አንድ ነገር ጎድሏል» አሉ።

«ምን ጎደለ?»

«እኛ! ጣሳ ስንደበድብ፣ ጅራፍ ስናጮህ፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ስንጮህ የት አለ? አንቺ ጆሮሽን ደፍነሽ ነበር እንዴ?»

እውነትም ለተማርያም ደፍና ነበር።

በሳምንቱ ድሬ ጠያራ ሄዳ አዴ ሳፊያና ጎረቤቶቻቸው እንዴት እንደጮኹ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የሙዚቃውን የመጨረሻ ክፍል ቀድዳ ጥላ እንደገና ጻፈችው። አሁን አራቱ ተጫዋቾች ደጋናቸውን ያስቀምጡና የመሣሪያቸውን እንጨት በመዳፋቸው እየደበደቡ ይጮኻሉ። በሁለተኛው ዝግጅት አዴ ሳፊያ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። አላጨበጨቡም። ሲያልቅ «አዎ፣ እንዲህ ነበርን» አሉ።

ለተማርያምን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ዛሬም ይህን ሙዚቃ የምትጫወተው ሰማዩ እንዲታያት የአዳራሹን በር አስከፍታ ነው። ሰዉ ሙቀቱን ፈርታ ይመስለዋል።