ለሰንጋው ያልነው አሚን

የዚያ ዓመት ምርጫ ሲቃረብ ዝናቡ ቀርቶብን ነበር። በጨፋ ሸለቆ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ይጠወልግ ጀመር፤ የቦርከና ወንዝም ጥጃ የሚሻገረው ሆነ። እንዲህ ያለ ጊዜ የእኛ ሰው ወዳጃ ይቀመጣል። ሰዉ ይሰበሰባል፣ ጫት ይቀርባል፣ ካለ ይታረዳል፤ አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ የቀረው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። በእኛ ቀበሌ ዱዓ የሚያደርገው አባቴ ነው። እኔ ከሚሴ ከተማ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ የምርጫ ካርድ ያወጣሁት ግን እሱ ዘንድ ነበር።

በዚያ ወዳጃ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰንጋ እያስነዳ መጣ። ጫቱም ከኋላው በጆንያ ይከተላል። ለዝናቡ ዱዓ ከመንግሥት የተላከ ነው አለ። ደስ አላለኝም፤ ግን ሰዉ ሥጋ ከቀመሰ ቆይቷል፣ ማን ደፍሮ ይመልሰዋል? ታረደ፣ ተበላ። አባቴ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው ዱዓ አደረገ፤ እኛም አሚን እያልን ሞቅ ብሎናል። ልክ አባቴ ትንፋሽ ሲወስድ ሊቀመንበሩ ከተቀመጠበት ተቀበለና፣ "ፓርቲያችንንም አላህ ያሸንፍልን፤ ድምፁን ለሌላ የሚሰጥ ከመካከላችን አይኑር" አለ። አፋችን ለምዶ ነበርና አሚን አልን። አባቴ ብቻ እጁን አጠፈ።

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ ከሥጋው ጋር ባለቀ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ወዳጃ ላይ አሚን ብሎ ያፈረሰ ሰው ልጁ ቢታመም፣ ላሙ ብትነጥፍ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልግም። ሊቀመንበሩ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ካድሬ ከሌላ ቦታ ቢያመጡ ኖሮ ስብሰባ ጠርቶ ያደክመን ነበር እንጂ ይህ አይታየውም።

ከቀናት በኋላ ጎረቤታችን አሮጊቷ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። አልገባም አሉ።

"ሸህዬ፣ ማሎ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ልቤ ያለው ከመምህሩ ጋር ነው። አፌ ግን አሚን ብሏል። እንዴት ልሁን?"

መምህሩ በግሉ የሚወዳደር የአካባቢያችን ሰው ነው፤ የምርጫ ምልክቱ መሰላል ነበር። ቀበሌው የአሮጊቷን ጓሮ ሊወስድ ሲል አብሯቸው ፍርድ ቤት የተመላለሰ እሱ ብቻ ነው። አባቴ ጺሙን እየነካካ ብዙ አሰበ።

"አሚኑ ለአላህ ነው፣ ለሰንጋ አይደለም" አላቸው። "አብሽሪ፣ ልብሽ ያለውን ምረጪ። የሚያስጠይቅ ከሆነ እኔን ይጠይቀኝ።"

እሳቸውም በዚህ ቃል ተማምነው በምርጫው ቀን መሰላሉን መረጡ። እኔም እሱኑ መረጥኩ፤ አባቴም እንዲሁ።

በማግስቱ ጠዋት ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ለመሰላል ዜሮ ተባለ። እኔ መናደዱ ራሱ ታከተኝ። ለይምሰል እንኳ ጥቂት ቢተዉለት ምን ነበረበት? አንዳንዴ ሳስበው፣ አሳምሮ መስረቁ ራሱ ልፋት የሆነባቸው ይመስለኛል። በዙሪያዬ የቆመው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ መበተን ጀመረ።

አሮጊቷ ግን ሰዉን እየገፉ ወደ አባቴ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

"አፉ በሉኝ ሸህዬ። ወላሂ እኔ መሰላሉ ላይ ነው ያደረግኩት። አላህ ግን አሚኔን አልረሳም፤ ድምፄን ከሳጥኑ ውስጥ አዛወረው። አሁን በምን ሊቀጣኝ ነው? የልጄ ልጅ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። ያ ረቢ፣ በእሱ እንዳይሆን።"

ሊቀመንበሩ አጠገባችን ቆሟል፤ ሁሉንም ይሰማል። ማዳበሪያው፣ የሸማቾች ዘይቱ፣ የመታወቂያው ማህተም በእሱ እጅ ነው። አባቴ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ቢያልፍ ማንም አይነካውም፤ ሊቀመንበሩም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። እኔም እንዲያልፈው ፈልጌ እጅጌውን ሳብኩት። አባቴ እጄን አስለቀቀ።

"አላህ የለበትም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። "ድምፅሽን ሰው ነው የሰረቀሽ። የእኔንም ሰርቀውኛል።"

ለመውጣት በር ላይ የደረሰው ሰው ቆሞ ዞረ። ሊቀመንበሩ አባቴን ትክ ብሎ አየው። የዚያ ክረምት ማዳበሪያ እኛ ቤት አልደረሰም፤ ዘይት ለመውሰድ ስንሰለፍም ተራችን ጋ ሲደርስ አለቀ እንባል ነበር።

አሮጊቷ ግን ሊቀመንበሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ሌባ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "ሌባ ብቻ ነው?"

"ሌባ ነው" አለ አባቴ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ሻሻቸውን አስተካከሉ። "አልሐምዱሊላህ። እኔኮ አላህ የተጣላኝ መስሎኝ ነበር።"

እጁን ስመውት፣ የልጅ ልጃቸውን ለማየት እየተቻኮሉ ሄዱ። አባቴ የመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ።