የጠርሙስ ሆድ

አጎቴ እራት ቀርቦ ጸሎት እንዳበቃ፣ ገና እጃቸውን ወደ ምግቡ ሳይሰዱ፣ «ያ የጠርሙስ ሆድህ ዛሬ ምን በላ?» ይሉኝ ነበር።

የጠርሙስ ሆድ የሚሉት የላቦራቶሪ ሥራዬን ነው። የቦሎቄ ፕሮቲን ከጨጓራ አሲድና ኢንዛይም ጋር ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ፣ በሰውነት ሙቀት አቆየዋለሁ። ከዚያ ፕሮቲንን በመስመር መልክ በሚያሳይ ጄል ላይ ሳየው፣ የፕሮቲኑ መስመር ከጠፋ ተፈጭቷል፤ ካለ ግን እምቢ ብሏል ማለት ነው።

አጎቴ ደግሞ ቦሎቄ አይወዱም። «ሆዴ አይፈጨውም» ሲሉ አክስቴ «ሰበብ ነው!» ትላለች። አንድ ቀን የጥሬውን ቦሎቄ የጄል ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ስልኬን ነጥቀው አክስቴ ወዳለችበት ማድ ቤት ገቡ።

«አየሽ! ችግሩ የኔ ሆድ አይደለም፣ ቦሎቄው ራሱ ነው እልኸኛ!»

በማግስቱ የተቀቀለውን ፎቶ አሳየኋቸው። መስመሩ ጠፍቷል። አጎቴ ዙሪያቸውን ቃኝተው ስልኩን መለሱልኝና «ይቺን ለሷ እንዳታሳያት» አሉኝ።

አላሳየኋትም። አጎቴ ሞተው በለቅሷቸው ላይ ግን፣ ሴቻ ሰፈር በተጣለው ድንኳን ውስጥ የቦሎቄ ንፍሮ ሲታደል፣ አላስችል ብሎኝ ሁለተኛውን ፎቶ አወጣሁላት። እያለቀሰች ሳቀች።

«ቦሎቄ ሲበስል እንደሚፈጭ አጥቼው ነው ልጄ? ስልክህን ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

አሁንም ከሷ ጋር እራት እንበላለን። ከጸሎቱ በኋላ ሁለታችንም ምግቡን ሳንነካ ትንሽ እንቆያለን።