ሊናገር የነበረው ሰውዬ

ሲወስዱኝ አፍንጫዬ ቀይ ነበር። ቀይ ሥር ቆርጬ ያሸሁት ነው፤ በውኃ ብቻ አይለቅም። የአጎቴን ካፖርት እንደለበስኩ፣ ሆዴ ላይ ያሰርኩትን ትራስ እንኳ ሳልፈታ፣ ከትምህርት ቤታችን እስከ ፖሊስ ጣቢያው በመካነ ሰላም ዋና መንገድ አስኬዱኝ። አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ቆመው፣ «ምነው ይቺን ልጅ! አፍንጫዋን መታችኋት እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ቀለም ነው እማማ!» አለ ፖሊሱ። ያፈረ መሰለኝ።

ጥፋቴ በወላጆች ቀን ክላውን ሆኜ መሥራቴ ነው። በድራማው አንድ ሰውዬ ንግግር ሊያደርግ መድረክ ላይ ይወጣል። ማይኩን፣ ማለትም የበቆሎ ቆረቆንዳውን፣ መታ መታ ያደርጋል። አፉን ሊከፍት ሲል ወረቀቱ ይወድቃል። ወረቀቱን ለማንሳት ሲያጎነብስ ካፖርቱ ራሱ ላይ ይገለበጣል። ካፖርቱን ሲታገል እሱም ይወድቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቃል ሳይናገር ያልቃል። ወላጆች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከፊት የተቀመጡት የክብር እንግዳ ግን አልሳቁም። ካፖርታቸውም ሆዳቸውም የእኔን ይመስል ነበር። ወላሂ፣ ከዚያን ቀን በፊት አይቻቸው አላውቅም።

መርማሪው አፍንጫዬን ላለማየት እየሞከረ ጠየቀኝ።

«ንግግሩ ስለ ምን ነበር?»

«ንግግር የለውም።»

«ማይክ ይዘሽ የለም እንዴ?»

«ቆረቆንዳ ነው።»

«ቆረቆንዳም ይሁን! ሰውዬው ሊናገር የነበረው ምንድን ነው?»

መፍራቱን ፈርቻለሁ፤ ግን እውነት ለመናገር ጥያቄው ደስ አለኝ። እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁለት ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ድራማውን ከነቃሉ ጻፊው። ታች ላይ ያዘጋጀውን ሰው ስም አስገቢ። መምህርሽ መሆኑን እናውቃለን። እሱን ከጻፍሽ ነገ ጠዋት ቤትሽ ነሽ።»

የድራማ ክበብ መምህራችን ያደረገው ነገር ቢኖር «ሥሪ፤ ብቻ እግርሽን እንዳትሰብሪ» ማለት ነው። ዓምና ከእኛው ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለጥያቄ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። የምጽፈው ስም ምን እንደሚያመጣ ገብቶኛል።

የሴቶቹ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መስኮቱ ደብተር ያህላል። ኬሻ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። በኋላ እንደነገረችኝ አቀስታ ተወልዳ እዚህ ያገባች፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። የታሰረችው ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለኝ» ብላ እጇን በማውጣቷ ነው።

ገና ስታየኝ፣ «ያ ረቢ! ሙሀርጅ አመጡልኝ!» አለች።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«አንቱ አትበይኝ፤ እርጅናዬን አታፋጥኚው። ሙሀርጅ ማለት እንዳንቺ አፍንጫው የቀላ፣ ልጆችን የሚያስቅ ነው። እኔም ነበርሁ።»

ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ፣ የማዳሟ ልጅ ልደት ቀን የተቀጠረው አስቂኝ ቀረ። ማዳሟ ልብሱን አምጥታ እሷን አለበሰቻት። ከዚያ ወዲያ ለእህቷም፣ ለጎረቤቷም ታውሳት ጀመር። «ሳሎኑ እምነ በረድ ነው» አለችኝ። «እዚያ ላይ መውደቅ ያልተማረ ይሰበራል። እስቲ የአንቺን አሳይኝ።»

ትራሴን አስተካክዬ ሠራሁላት። አልሳቀችም።

«ራስሽ ሳቅሽ» አለች። «አንቺው ከሳቅሽው ለእኔ ምን ተረፈኝ? ደግሞ ከመውደቅሽ በፊት ወለሉን አየሽው። ወዳቂ ሰው እንደሚወድቅ አያውቅማ! ቀድመሽ ካሳየሽኝ እኔም ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ምኑን ልሳቅ?»

ኬሻው ላይ አወዳደቅ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ባት፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ጎን፣ ከዚያ ትከሻ፤ እንደሚጠቀለል ስጋጃ። ትንፋሽን ማውጣት ነው፤ የሚነጥረው አየር የያዘ ኳስ ነው። ከወደቁ በኋላ ቶሎ አለመነሳት። መጀመሪያ ሰዎቹን ማየት፣ ልክ እነሱ የጣሉን ይመስል።

ጠባቂዋ ፖሊስ በሩን ከፈተችው። «ምንድን ነው የሚንኳኳው? ትደባደባላችሁ?»

«እየወደቅን ነው» አለቻት።

ፖሊሷ መዝጋቱን ትታ በሩን ተደግፋ ሁለት ጊዜ ስወድቅ አየች። «ሁለተኛው ይሻላል» ብላ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ግን ሰውዬው ምን ሊናገር ነበር?» አልኳት።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የራሴን ጥያቄ እንኳ አላስጨረሱኝ!» ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። «ሰውዬው ሊወድቅ ነው» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ለካ ወለሉን አሳይቻለሁ! ሰረዝኩት። «ሰውዬው ወረቀቱን ሊያነሳ ያጎነብሳል» ብቻ አልኩ። ካፖርቱ በራሱ ጊዜ ይምጣ። ሳቄ የመጣበትንም ቦታ ሁሉ ሰረዝኩ። መጻፍ እንዲህ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። የት እንዳለሁ ረስቼ ሁለቱንም ወረቀት በፊትም በጀርባም ሞላሁ። ታች ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ አስገብቼ፣ «ያዘጋጀችውም የሠራችውም እኔ ነኝ» አልኩ።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን አገጩ ሥር አቁሞ አነበበ። የት እንደደረሰ አይታየኝም። መሀል ላይ፣ ሳቅ የያዘ ይመስል፣ ከንፈሩ ንቅንቅ አለች። መጨረሻውን ገጽ ገለበጠ።

«ከዚያስ?»

«ይወርዳል።»

«ሳይናገር?»

«ሳይናገር።»

የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አየ። ከዚያ ሥራው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመምህርሽ ስም የታለ?»

«ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ታች ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ዛሬ ቤትሽ መሄድ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ።»

ስሙን አልጨመርኩም። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። የወጣሁት አባቴ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነው።

ክበባችን ተዘግቷል። መምህራችን ግን ዛሬም ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ክፍላችን ገብቷል። እትዬ እኔ በወጣሁ በሳምንቱ ተፈታች፤ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር አካሄዴን ታርማለች።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በየቀኑ እጽፋለሁ። ያ ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ አለ፤ አይመልሱልኝም። ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ያነበበ የመጀመሪያው ሰው መርማሪው መሆኑ አንዳንዴ ይገርመኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል። ቂም አልያዝኩበትም ብል ውሸት ነው። ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው ሌላ ነገር አልጠይቀውም፤ ከንፈሩ የተነቃነቀችው የትኛው መስመር ላይ እንደነበር ብቻ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።